አንድ እርሳስ፣ አንድ ዛፍ፣ ሁለት ትውልድ

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት እናቶች ደጋግመው ከጠየቁኝ ጥያቄዎች አንዱ «ሲስተር፣ ልጄ እርሳስ እየነከሰ አስቸገረኝ፤ አይመርዘውም ወይ?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቋንቋችን የምንጽፍበትም ሆነ ለጥይት የሚቀልጠው ማዕድን ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱንም እርሳስ እንላቸዋለን። ማዕድኑ ደግሞ በእርግጥም የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። መልሴ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያ ማዕድን የለም። ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ ነው። ልጁ ስንጥሩ ድዱን እንዳይወጋው፣ የላዩን ቀለም እየላጠ እንዳይውጥ ተከታተሉት እንጂ ጽሕፈቱ ይመርዘዋል ብላችሁ አትስጉ።

የስሙ መምታታት የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞችም እስከ ዛሬ የእርሳሱን ውስጠኛ ክፍል የሚጠሩት በዚያው በማዕድኑ ስም ነው። ነገሩ የተጀመረው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሐይቅና ተራራ በሚበዛበት አገር፣ ቦሮዴል በሚባል ሸለቆ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአካባቢው ሰዎች ከተራራው ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጅ የሚያጠቁር ድንጋይ አገኙ። እረኞች በጎቻቸውን ምልክት ያደርጉበት ጀመር። ምንነቱን በውል የሚያውቅ ስላልነበረ «ጥቁር እርሳስ» ተባለ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ድንጋዩ የመድፍ ጥይት የሚፈስስበትን ቅርጽ ለመለቅለቅ ይፈለግ ስለነበር ዋጋው ናረ፤ ሌባውም በዛ። በ1752 የብሪታኒያ ፓርላማ ግራፋይት ከጉድጓድ የሚሰርቅን ሰው የሚቀጣ ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኋላ ፈረንሳይና ብሪታኒያ ጦርነት ውስጥ ሲገቡ የእንግሊዙ ግራፋይት ወደ ፈረንሳይ መሄዱ ቀረ። ያኔ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋር አቡክቶ በእሳት በማጠንከር እርሳስ ሠራ፤ በ1795ም የፈጠራ መብት አገኘበት። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይሳሳል። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። በእርሳስ ጫፍ የምናያቸው «ኤች» እና «ቢ» የተባሉት ምልክቶች ይህንኑ ይነግሩናል፤ «ኤች» ጠንካራው፣ «ቢ» ጥቁሩ፣ ለትምህርት ቤት የምንገዛው «ኤችቢ» ደግሞ መካከለኛው ነው። እንግሊዞች የገጠራቸውን ሜዳና ዛፍ በእርሳስ የመንደፍ ልማዳቸውን ያዳበሩት በዚህ ቀላል ዕቃ ነው።

ዝምታ በሁለት የሶፋ ጥግ

ይህን ልማድ በቅርብ ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ኮልቸስተር ከተማ ከምትኖረው ልጄ ዘንድ ከግንቦት እስከ መስከረም በሰነበትኩበት ጊዜ ነው። ልጄ በፈረቃ የምትሠራ ሰው ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ይውል ጀመር። ችግሩ የምንግባባበት ቋንቋ አለመኖሩ ነበር። የእሱ አማርኛ ከ«እሺ» እና ከ«እንጀራ» ብዙም አይዘልም። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የሕመምና የመድኃኒት እንግሊዝኛ ነው፤ የደም ግፊት ለመለካት ይበቃል፣ ከልጅ ጋር ለመጫወት ግን አይበቃም። እሱ ታብሌቱን ይዞ በሶፋው አንድ ጥግ፣ እኔ ሻዬን ይዤ በሌላው ጥግ እንቀመጣለን። ውጭ አገር የልጅ ልጅ ያላችሁ አንባቢያን ይህን ዝምታ ታውቁታላችሁ።

ከኮልቸስተር በስተሰሜን፣ በአውቶቡስ ብዙም ሳይርቅ፣ ዴድሃም የምትባል መንደር አለች። ስቱር የተባለው ወንዝ በሜዳው መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል። ከመንደሯ ተነስቶ በወንዙ ዳር በእግር የሄደ ሰው ላሞች የሚግጡበትን ሜዳና አናታቸው የተከረከመ የአኻያ ዛፎችን እያየ ፍላትፎርድ ከተባለው ጥንታዊ የውኃ ወፍጮ ይደርሳል። እኔ የምሄደው ጉልበቴን ላፍታታ ነበር፤ ልጁን የማስከትለው ደግሞ ከታብሌቱ ላላቅቀው። በመንገዱ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ በእኔ ዕድሜ ያሉ እንግሊዛውያን ሴቶችና ወንዶች ተጣጣፊ ወንበር ይዘው ይመጡና ትንሽ ደብተር ጭናቸው ላይ ዘርግተው በእርሳስ ዛፍ ይነድፋሉ። ሠዓሊዎች አይደሉም። እንደኛ አገር ሴቶች ጥልፍና ዳንቴል ይዘው እንደሚቀመጡት ናቸው።

የወፍጮው ባለቤት ልጅ

ያንን መንገድ ያስከበረው ጆን ኮንስታብል የተባለው ሠዓሊ ነው። በ1776 በአቅራቢያው በምትገኘው ኢስት በርግሆልት መንደር ተወለደ። አባቱ የእህል ነጋዴና የፍላትፎርድ ወፍጮ ባለቤት ነበሩ፤ ልጃቸውም ሥራውን እንዲረከባቸው ይሹ ነበር። እሱ ግን በ1799 ለንደን በሚገኘው የሮያል አካዳሚ ትምህርት ቤት ሥዕል ለመማር ገባ።

በዚያ ዘመን ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው የነገሥታት፣ የጦርነትና የቅዱሳት ታሪኮች ሥዕል ነበር። ላም፣ አጥርና ኩሬ ያን ያህል አያስከብሩም። ኮንስታብል ግን በልጅነቱ የተራመደበትን ሜዳ መሣል ወሰነ። በጋ በመጣ ቁጥር ወደ መንደሩ እየተመለሰ በኪሱ ደብተር ማረሻውን፣ ጀልባውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ማማ፣ ዛፉን በእርሳስ ይነድፍ ነበር። በ1813 እና በ1814 የሞላቸው ሁለት ትናንሽ ደብተሮች ዛሬ ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። የ1813ቱ ደብተር ገጽ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መዳፍ ላይ ያርፋል። በ1821 ለሕዝብ የቀረበው «የድርቆሽ ጋሪው» የተባለው ታላቅ ሥዕሉ የሚያሳየው ፍላትፎርድ አጠገብ ያለውን ወንዝና አንድ የገበሬ ቤት ነው። ሥዕሉን የሠራው እዚያው ወንዙ ዳር ቆሞ ሳይሆን ለንደን ባለው የሥራ ክፍሉ ነው። ከዓመት ዓመት ያከማቻቸው ንድፎች መንደሩን ለንደን ድረስ አመጡለት። ቤቱ አሁንም ቆሟል፤ የልጅ ልጄና እኔ ከፊት ለፊቱ ተቀምጠን ምሳችንን በልተናል።

እንደ ጤና ባለሙያ ልቤን የነካው ግን የቤተሰቡ ታሪክ ነው። ኮንስታብል ማሪያ ቢክኔል የምትባል ልጅ ወደደ። አያቷ የዚያው መንደር ደብር አስተዳዳሪ ነበሩ፤ ገንዘብ የሌለው ሠዓሊ ለልጃቸው ልጅ አይገባም ብለው ተቃወሙ። ከ1809 ጀምሮ ሰባት ዓመት ጠበቁ። ማሪያ በአንድ ወቅት ስለ ዕለት ማስታወሻ አንስታለት ኖሮ፣ ባለፈው በጋ የሠራት አንዲት ትንሽ ደብተር እንዳለችው፣ ብታያት በእግር ጉዞው ምን እየለቀመ እንደዋለ እንደምትረዳ ጻፈላት። ሌላው ሰው በቃል የሚጽፈውን የዕለት ማስታወሻ እሱ በዛፍና በሜዳ ጻፈው ማለት ነው።

በ1816 ተጋቡ፤ ሰባት ልጆችም ወለዱ። ማሪያ ግን የሳንባ ነቀርሳ ነበረባት። ንጹሕ አየር ፍለጋ ቤተሰቡ አንዴ ከለንደን ከፍ ብሎ ወደሚገኘው ሃምፕስቴድ፣ አንዴ ወደ ባሕር ዳርቻው ብራይተን ተመላለሰ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ከአየርና ከእረፍት ሌላ የሚሰጡት ብዙም አልነበረም፤ የመጀመሪያው የነቀርሳ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ማሪያ በ1828፣ በአርባ ዓመቷ አረፈች። እሱም ሌላ ሳያገባ ሰባቱን ልጆች ይዞ ቀረ።

በተጋቡ በዓመቱ፣ በጥቅምት 1817፣ አብረው መንደሩ በነበሩ ጊዜ የሠራው አንድ የእርሳስ ሥዕል አለ። ትላልቅ የኤልም ዛፎችን ያሳያል። የግንዱ ቅርፊት፣ ብርሃን ያረፈበት ወገን፣ በቅጠሉ መካከል የሚታየው ሰማይ፣ ሁሉም በትዕግሥት ተሠርቷል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የኤልም በሽታ እንግሊዝን መታ፤ በመላ ብሪታኒያ ከ25 ሚሊዮን በላይ ዛፎች እንደሞቱ ይነገራል። ዛሬ አንድ የእንግሊዝ ልጅ ያደገ የኤልም ዛፍ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እንዲህ ያለውን ሥዕል ማየት ይኖርበታል። ሰውየው ሲነድፍ ዛፎቹ ያልቃሉ ብሎ አላሰበም። ቆሞ በደንብ አያቸው እንጂ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

አንድ ቀን ለልጁና ለእኔ አንዳንድ ደብተርና ሦስት ሦስት እርሳስ ገዛሁ፤ ጠንካራ፣ መካከለኛና ጥቁር። ከወንዙ ዳር ሰዎች ስነድፍ ሳሉ አይቼ፣ ከመጻሕፍትም አንብቤ የቀሰምኩት ዘዴ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ እርሳሱ አይነካም። አምስት ደቂቃ ማየት ብቻ ነው። ፀሐይዋ በየት በኩል ናት? ጥላው ወዴት ወድቋል? ቀጥሎ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ትላልቆቹ ጨለማና ብርሃኖች ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ የአድማሱ መስመር ይሠመራል። ያ አገር ሜዳማ በመሆኑ መስመሩ ዝቅ ይልና የወረቀቱ ሰፊ ክፍል ለሰማይ ይተዋል።

ሦስቱ እርሳሶች ለሦስት ርቀት ናቸው። ሩቅ ያለው ኮረብታ በጠንካራው፣ በስሱ። መካከለኛው ሜዳ በ«ኤችቢ»። ቅርብ ያለው ግንድና አጥር በጥቁሩ። ምክንያቱም በእኛና በሩቁ ነገር መካከል ያለው አየር እርጥበትና አቧራ ስለያዘ ሩቁን ያደበዝዘዋል። እንግሊዝ አየሩ እርጥብ በመሆኑ ይህ ጎልቶ ይታያል። ዛፍ ሲሆን ቅጠል በቅጠል አይሣልም፤ ግንዱና ዋና ዋና ቅርንጫፎቹ ከተያዙ በኋላ ቅጠሉ እንደ ትላልቅ ጉንጉኖች ይታያል፤ አንዱ ወገን ይነጣል፣ ሌላው ይጠቁራል። በመካከሉ ደግሞ ወፍ የምታልፍበት የሰማይ ቀዳዳ ይተዋል። ቀዳዳ የሌለው ዛፍ ጎመን ይመስላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ በሁለት ደቂቃ ይጨርስና «አለቀ» ብሎ ይነሳ ነበር። እኔ አልናገረውም፤ የራሴን እቀጥላለሁ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን አጠገቤ ቁጭ አለና ደብተሬን አይቶ «አያቴ፣ ይሄስ ምንድን ነው?» አለኝ። «ጥላ» አልኩት። «ይሄስ?» «ቅርንጫፍ።» «ያስ?» «አድማስ።» ቃሉን እየደጋገመ ከሥዕሉ ሥር በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው። ከዚያ ቀን በኋላ በየገጹ ሦስት አራት የአማርኛ ቃል ይጨምር ጀመር። ቁጭ አድርጌ ላስተምረው ብል ኖሮ በአሥር ደቂቃ ይሸሸኝ ነበር። ቃሉን የፈለገው ነገሩን በዓይኑ ስለያዘው ነው።

ሌላ ቀን እጄን አተኩሮ አየና «እጅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። «እርስዎ» ማለትን አያውቅም፤ እኔም አልከፋኝም። ዕድሜ መሆኑን ነገርኩት፤ ሐኪም እንዳየውና የሚያሰጋ እንዳልሆነም ጭምር። ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ውኃውን አንቺ ሥሪ» አለኝ። እውነትም የሚንቀጠቀጠው መስመሬ ለወንዙ ሞገድ ይስማማ ነበር። ከዚያ በኋላ ዛፉ የእሱ፣ ውኃው የእኔ ሆነ። አንድ ሥዕል ሁለት ሆነን መሥራት ጀመርን።

ከሕመም አልጋ ላይ

ነርስ ስንሆን መጀመሪያ የተማርነው ማየት ነበር። ከመርፌ በፊት፣ ከመድኃኒት በፊት በሽተኛውን ማየት፦ የከንፈሩ ቀለም፣ አተነፋፈሱ፣ እግሩ ማበጡ። በችኮላ ያየ ነርስ ይስታል። እርሳስ ይዤ ዛፍ ፊት ስቀመጥ የተሰማኝ ያው የድሮው የሥራ ልማዴ ነው።

ሕክምናና ሥዕልም ባዳ አይደሉም። በ1790ዎቹ ለንደን ውስጥ ቶማስ ሞንሮ የተባለ የአእምሮ ሕመም ሐኪም ምሽት ምሽት ወጣት ሠዓሊዎችን ቤቱ እየጠራ ሥዕል ያስገለብጣቸው ነበር። ኪሳቸው ባዶ ለሆነ ወጣቶች ጥቂት ገንዘብና እራት ይሰጣቸዋል። ቶማስ ገርቲን መስመሩን በእርሳስ ሲነድፍ፣ ዊልያም ተርነር ቀለሙን ያለብስ ነበር። ተርነር በኋላ ከእንግሊዝ ታላላቅ ሠዓሊዎች አንዱ ሆኗል። ከሚገለብጧቸው ሥዕሎች መካከል የጆን ሮበርት ኮዘንስ ሥራዎች ይገኙበታል፤ ኮዘንስ በ1794 አእምሮው ታሞ በዚያው በሞንሮ ክትትል ሥር ነበር፤ በ1797 አረፈ። እሱ መሥራት ባይችልም ሥራው ለሁለት ወጣቶች መማሪያ ሆነ።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመኝ የኤድርያን ሂል ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ላይ የነደፈ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነበር። በ1938 የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በደቡብ እንግሊዝ ሚድኸርስት በሚገኝ የነቀርሳ ሆስፒታል ተኛ። ያኔም መድኃኒቱ ገና አልተገኘም፤ ሕክምናው ወራትን በአልጋ ላይ ማሳለፍ ነበር። እሱም ከአልጋው የሚያየውን ነገር መንደፍ ጀመረ፤ ቆይቶም ሌሎቹን ሕመምተኞች እርሳስ አስያዘ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራበትን «በሥነ ጥበብ ማከም» የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ ያወጣው እሱ ነው፤ ልምዱንም በ1945 በመጽሐፍ አሳተመ። ድኖ ወጥቶም በቢቢሲ ቴሌቪዥን ሕፃናትን ሥዕል ሲያስተምር ኖረ።

እርሳስ ነቀርሳን አይገድልም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ነው የሚያድነው። ይህን ማንም እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ። ነገር ግን ነቀርሳ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ሕመምተኞችን ከሳሉ ባልተናነሰ ያሠቃያቸው የነበረው ግድግዳ እያዩ መዋል ነበር። ቀኑ የማይመሽለት ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ያቋርጣል። በመስኮት የሚታይን አንድ ዛፍ የሚነድፍ ሰው ነገ የሚያየው ነገር አለው።

ለቤታችን

ጆን ረስኪን የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1857 ለጀማሪዎች የሥዕል መማሪያ አሳትሟል። ለወላጆች የሰጠው ምክር ዛሬም ይሠራል፦ ትንሽን ልጅ አታስገድዱት፣ ደስ ብሎት ይጫወትበት፤ ስታመሰግኑትም ስለ ተሰጥኦው ሳይሆን ስላሳየው ትዕግሥትና ጥረት ይሁን። «አንተ እኮ ሠዓሊ ነህ» ከማለት «ይህን ቅርንጫፍ እንዴት በጥንቃቄ አየኸው!» ማለት ይሻላል። ትልልቆች መልመድ ሲጀምሩ ደግሞ አንድ ድንጋይ ከመንገድ አንስተው ክቡነቱ እስኪታይ በጥላ እንዲያወጡት ይመክራል። ድንጋይ የሞላበት አገር ስላለን ለዚህ አንቸገርም።

እኛ ዘንድ ኤልም የለም፤ ባሕር ዛፍ፣ ጽድና ዋርካ ግን አለ። በመስከረም፣ ዝናቡ አየሩን ካጠበው በኋላ፣ ሩቁ ተራራ የቀረበ ይመስላል። በበጋ ጠዋት አቧራና ጭስ ሲኖር ደግሞ ይርቃል። ይህን ልጆች በሁለት የተለያዩ ቀናት ነድፈው ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ «ኤችቢ» እና አንድ ለስላሳ እርሳስ፣ መቅረጫና መሥመር የሌለው ደብተር ይበቃል። ላጲሱን ቤት ተዉት፤ ላጲስ የያዘ ልጅ ሲያጠፋ ይውላል። ከሥዕሉ ሥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና አየሩን ጻፉ። ኮንስታብልም የሰማይ ጥናቶቹን ሲሠራ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ሁለት የጤና ነጥቦች ልጨምር። ልጁ ሲነድፍ ፊቱን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቅ ከሆነ ወይም ሩቁን ለማየት ዓይኑን የሚያጨናብስ ከሆነ ዓይኑን አስመርምሩት። ከቤት ውጭ የሚውሉ ልጆች ሩቅ የማየት ችግር የሚገጥማቸው አነስ ባለ መጠን እንደሆነም ጥናቶች ያሳያሉ። እናንተ አያቶች ደግሞ እርሳስ የያዘው እጃችሁ በድንገት ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ያልፋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ያኑ ዕለት፣ ያኑ ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የልጅ ልጄ ዛሬም ሥዕሉን በስልክ ይልክልኛል። ከሥሩ የሚጽፋቸው ቃላት አሁን በራሳችን ፊደል ናቸው፤ «ሐ» እና «ኀ» ይምታቱበታል፣ እኔም እንዲያ እያለ እንዲጽፍ እተወዋለሁ።

ሰፈሮቻችን በፍጥነት እየተለወጡ ነው። በግቢያችሁ ወይም በመንገዳችሁ ዳር ያለው ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል። በሚመጣው ቅዳሜ ከልጁ ጋር ወንበር አውጡ፤ ከፊት ለፊቱ ተቀመጡና መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እዩት።